ጠፍጣፋውን አትንካ

ሳስካቱን፣ ካናዳ
ጥር 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ አልጣሽ፤

እንዴት ከርመዋል? የወገብዎ ነገር እንዴት ሆነ? ከብቶቹስ፣ ጎረቤቱስ፣ ደብሩስ ደኅና ናቸው? እኔ በቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ ደኅና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። እዚህ ጥርን ያየ ሰው የጮቄ ተራራን ውርጭ ሙቀት ይለዋል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። የምሠራበት የእርሻ ኮሌጅ ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት ተማሪዎቹን በየዓመቱ ወደ ውጭ አገር ይልካል። ለሽርሽር እንዳይመስልዎ። ገጠር ገብተው፣ ከሰው ጋር እየኖሩ፣ ለመንደሩ የሚጠቅም ሥራ በነጻ እየሠሩ እንዲማሩ ነው። ለዚያም ማርክ ይሰጣቸዋል። ዘንድሮ ኢትዮጵያ ተባለ። "ኢትዮጵያ የት?" ሲሉኝ አፌ ሳያስበው የእርስዎን መንደር ጠራ። እንዶዴ ሜዳ አልኳቸው፤ ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፣ ሰዉም ደግ ነው አልኩ።

ዘጠኝ ልጆች ናቸው፤ ከሰኔ 25 ጀምሮ ስድስት ሳምንት ይቀመጣሉ። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን ብነግራቸው "ጃንጥላ እንይዛለን" አሉኝ። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ ጉዳይ ስላላለቀ ከዚህ መውጣት አልችልም። በእኔ ምትክ ፀደንያ የምትባል የፍኖተ ሰላም የእንግሊዝኛ መምህርት ታስተረጉምላቸዋለች። ማደሪያቸው ትምህርት ቤቱ ይሆናል። ምግባቸውንና ውሏቸውን ግን እርስዎ እንዲመሩልኝ እለምንዎታለሁ። እኔን ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ዋናው ሥራቸው ምንጩን ማጠር ቢሆን ብዬ አስቤያለሁ።

አንድ አደራ አለኝ። የድሮውን ነገር ልጆቹ ፊት አያንሡት። ምን ለማለት እንደፈለግኩ ያውቃሉ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ዘሚካኤል


እንዶዴ ሜዳ
መጋቢት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዘሚካኤል፤

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ አምላክ አንተንም በሰው አገር አጽንቶ ያቁምህ። እኔ ወገቤም ምላሴም ደኅና ናቸው። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። መሠረተ ትምህርት ስማር "ደግሞ አንቺ ለማን ልትጽፊ ነው?" ብለው የሳቁብኝ ሁሉ ዛሬ ደብዳቤ ሊያስነብቡ ደጄ ይመጣሉ።

ልጆቹ ይምጡ። ሸክም አይሆኑብኝም።

የድሮውን ነገር አያንሡት አልከኝ። አንተ ካናዳ ሆነህ ልትረሳው ትችላለህ፤ እኔ በየማለዳው በሬን ስከፍት የታች ማሳን አያለሁ። ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። በ1989 መሬት እንደገና ይደልደል የተባለ ጊዜ ባሕር ዛፉ ሥር ሰበሰቡን። በደርግ ጊዜ ሹመት የነበረው ሁሉ "ቢሮክራሲ" ነው፤ አራት ቃዳ መሬት ይተውለትና የቀረው ይወሰድ ተባለ። ባሌ ይርሳው የአንድ ቀን ሹመት አልነበረውም። ማንበብ ስለሚችል ለሊቀ መንበሩ ደብዳቤ ያነብለት ነበር፤ ያ ብቻ ነው። ታዲያ "የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ እጁን አውጥቶ የመሰከረበት ማን ነው? ላቀው! ልጁን ክርስትና ያነሣንለት አበልጃችን ላቀው! የታች ማሳ ሦስት ቃዳ ተወሰደ። ለማን ተሰጠ? ለላቀው።

ይርሳው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነው የኖረ። ደጅ ሲቀመጥ ለታች ማሳ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ሲሞትም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሞተ። እኔ ከል ከለበስኩ ይኸው ስምንት ዓመቴ። ቄስ ሃይለ ሚካኤል "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ከሉን አውልቂው" ይሉኛል። እኔም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እላቸዋለሁ። ላቀው ከታች ማሳ ያረሰውን አጥቶ እስካላየሁት ድረስ ይህን ጥቁር አላወልቅም ብያለሁ፤ ብያለሁ።

አሁን የምጠይቅህ ነገር አለ። ልጆቹ ያዘዟቸውን ይሠራሉ ወይስ "ለምን" ይላሉ? ደግሞ እጃቸው ለስላሳ መሆኑ አይቀርምና ዘጠኝ ጥንድ ጓንት ላክልኝ። ወፍራሙን።

አክስትህ አልጣሽ


ሳስካቱን
ሚያዝያ 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። ጾሙ አልከበደዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጋሼ ይርሳው የጻፉትን ሳነብ አለቀስኩ። አልረሳሁም አክስቴ።

ስለ ልጆቹ ጠይቀውኛል። "ለምን" ማለት ልማዳቸው ነው። ነገር ግን ከመነሣታቸው በፊት የሚፈርሙበት ወረቀት አለ፤ የመጀመሪያው ደንብ "የምንሠራው እኛ ያሰብነውን ሳይሆን የመንደሩ ሰው የሚፈልገውን ነው" ይላል። ከዚህ በፊት ሌላ አገር ሄደው ማንም ያልለመናቸውን አዳራሽ ሠርተው ፍየል አድሮበት ስለቀረ ነው ይህ ደንብ የወጣው። ስለዚህ እርስዎ ያሏቸውን ይሠራሉ። በየቀኑ የተማሩትን በማስታወሻ ይጽፋሉ፤ ሲመለሱ አንብቤ ማርክ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ጓንቱን ልኬያለሁ። ለልጆቹ እጅ ማሰብዎ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ለባልደረቦቼም ነግሬ አመሰገኑዎት።

ስለ ላቀው አንድ ነገር ልበል። እስከ ዕንቁጣጣሽ ይታገሡኝ። የጀመርኩት ጉዳይ አለ፤ የማልነግርዎ ቃል ስላለብኝ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሲገባ ራስዎ ያዩታል። እስከዚያ ይታገሡኝ ብቻ።

ዘሚካኤል


እንዶዴ ሜዳ
ነሐሴ 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለዘሚካኤል፤

ይህች የፍልሰታ እመቤት ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። መልሴ ስለዘገየ እንዳትቀየመኝ፤ ዘጠኝ ፈረንጅ ይዞ ብዕር መያዝ አይቻልም።

ልጆችህ መጡ፣ ሠሩ፣ ሄዱ። አንዱ ረጅሙ ገና በመጡ ዕለት ጭቃው ጫማውን ውጦበት በአንድ እግሩ እየዘለለ ደጄ ደረሰ። ጃንጥላቸውን ነፋስ ገለበጠባቸው። ፍልሰታ ሲገባ "እኛም እንጹም" ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ዋሉና ሁለቱን ራሳቸውን አዞራቸው፤ ቄሱ መጥተው በግዝት አበሏቸው። ምንጩን ግን አጥረውታል። የድንጋዩ አደራደር ትንሽ ያስቃል፤ አንድ ክረምት ከቆመ እግዜር ይመስገን እላለሁ።

ክሌር የምትባል ቀይ ጠጉር ያላት ልጅ አለች። ሥራ አልቆ ሌሎቹ ሲቀመጡ እሷ "ሌላስ?" ትላለች። እማማ ትለኛለች። ወገቤን ይዤ ስነሣ ካየችኝ ሮጣ መጥታ ትደግፈኛለች። ወደድኳት፤ አልዋሽህም። ፀደንያም ጥሩ ልጅ ናት፤ የከተማ ልጅ ሆና ነው እንጂ። ለእሷ አረንጓዴ ሁሉ ጎመን ነው።

አጥሩ ካለቀ በኋላ፣ ነሐሴ 3 ቀን፣ "የመንደሩ ሰው ምን ይፈልጋል?" ብለው ጠየቁኝ። አረም አልኳቸው። ላቀው ለሱባኤ ግሽ ዓባይ ሄዷል፤ ሚስቱ ሸጋዬም ልጇ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ቡሬ ነበረች። ጓንታቸውን አስጠልቄ የታች ማሳ ይዣቸው ወረድኩ። የላቀው ዳጉሳ ዘንድሮ እንዴት አምሮበት እንደነበር ብታይ! ቀኑን ሙሉ እየዘፈኑ አረሙ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች "አልጣሽ ታረቀች፤ ደቦ ይዛ የላቀውን ዳጉሳ እያረመችለት ነው" ተባባሉ አሉ። እኔም አላስተባበልኩም። የነቀሉትን ወንዙ ወሰደው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ ጥሩ ነው። ሌላ የምነግርህ የለም። ጓንቱን አልመልስልህም።

አክስትህ አልጣሽ


ሳስካቱን
ጳጉሜን 5 ቀን 1999 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ፣ የላቀውን ዳጉሳ አረምኩ የሚለውን ሳነብ፣ ታረቁ ብዬ ከወንበሬ ተነሥቼ አመሰገንኩ። በማግሥቱ የልጆቹን ማስታወሻ ተረከብኩ። ከሁሉ በፊት የክሌርን ያነሣሁት ስለ እርስዎ ብዙ ጽፋለች ብለው ጓደኞቿ ስለነገሩኝ ነው። የነሐሴ 3 ቀኑን እንዳለ ልተርጉምልዎ፦

"ዛሬ አረም አረምን። ጓንቱ ስላልተመቸኝ አወለቅኩት። በእጄ ስዳስሰው የአንዱ አገዳ ሥሩ ላይ ጠፍጣፋ ነው፣ የሌላው ድብልብል። ሁለቱን ለእማማ አልጣሽ አሳየኋትና 'የቱን?' አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ጠፍጣፋውን ጠቆመችኝ። ለሌሎቹም እኔ አስተማርኳቸው። እዚህ አገር ከመጣሁ ዛሬ ገና ጠቃሚ ነገር የሠራሁ መሰለኝ። ስንመለስ እማማ ውኃ አሙቃ ወገቤን አሸችልኝ።"

አክስቴ፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያው በታች ማሳ ከጎንዎ አስቀምጠው፣ ጣቴን ይዘው አገዳውን አስዳሰሱኝ። "ጠፍጣፋው ዳጉሳ ነው፣ ድብልብሉ ሣር ነው። ጠፍጣፋውን አትንካ" አሉኝ። አዴት ምርምር ጣቢያ ስቀጠርም፣ ወደዚህ ስመጣም፣ ስለ እህል የማውቀው የመጀመሪያው ነገር ያ ነው። ጓንቱ ወፍራም ይሁን ያሉት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። የላክሁትም እኔ ነኝ።

አሁን የያዝኩትን ምሥጢር ልንገርዎ። ላቀው አምና ጽፎልኝ ነበር። በሐሰት መመስከሩን ለንስሐ አባቱ ለቄስ ሃይለ ሚካኤል ተናዟል። የመሬት ደብተሩ በስሙ እንዳይጻፍ እስካሁን አቆይቶታል። ሦስቱንም ቃዳ በዕንቁጣጣሽ ቀን፣ በሽማግሌ ፊት፣ ለእርስዎ ሊመልስ ተስሏል። ግሽ ዓባይ የሄደው ንስሐውን ሊጨርስ ነው። "እኔው ራሴ ልንገራት" ብሎ ስለለመነኝ ዝም አልኩ። ምነው ዝም ባላልኩ!

ለፀደንያ ስልክ ደውዬ ነበር፤ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል አለችኝ። ይህ ደብዳቤ በጊዜ ይድረስልዎ እንጂ ሌላ የምለው የለኝም። እባክዎ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ለቄሱ ይናዘዙ።

ዘሚካኤል


እንዶዴ ሜዳ
ጥቅምት 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለዘሚካኤል፤

ሁለት ሺህ ዓመትን ላሳየን አምላክ ምስጋና ይግባው፤ አንተንም ያክርምህ። ደብዳቤህ ቡሬ ፖስታ ቤት ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። እንዴት እንዳለቀ ልንገርህ።

የዕንቁጣጣሽ ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ እንዳለ ላቀው መጣ። የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከፊቴ ቆመ። "በሰማንያ ዘጠኝ በሐሰት መሰከርሁ" አለ። "ይርሳው ጸሐፊ አልነበረም። መሬቱን ፈልጌ ነው።" ይህን በሕዝብ ፊት፣ በታላቅ ድምፅ። ይርሳው ሳይሰማው መሞቱ አንጀቴን አቃጠለው።

ቀጠለና "ሦስቱን ቃዳ ልመልስ ተስያለሁ። ከሱባኤ ስመለስ ግን ዳጉሳዬ ተነቅሎ ሣሩ ብቻ ቆሞ አገኘሁት። የዓመት ቀለቤ ነበር። ማን እንዳደረገው እኔ አልናገርም፤ ሽማግሌ ይጠይቅ" አለ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ክንዱ ነበሩ። ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን አለዘቡ። "ፈረንጅ እህል ከሣር አይለይ። ልጆቹ ተሳስተው ነው። ለአንቺ ደግ የሠሩ መስሏቸው ነው። አይደለም እንዴ አልጣሽ?" አሉኝ። ሰውዬው መሬቱን በእጄ እያስጨበጡኝ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው "አዎ" ማለት ብቻ ነው። ቄሱ እንኳ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆመዋል።

ላቀውን አየሁት። በሰማንያ ዘጠኝ ባሕር ዛፉ ሥር "አዎ፣ ጸሐፊ ነበር" ያለው ልክ እንዲህ ነበር። ሲጠይቁት አዎ አለ፣ ሦስት ቃዳ ወሰደ። እኔ ላቀው አይደለሁም። ደግሞም በቀሌን ለፈረንጅ ስሕተት አሳልፌ አልሰጥም፤ ስምንት ዓመት ያሳደግኩት የራሴ ነው። "አውቄ ነው!" አልኩ። "ጠፍጣፋውን ንቀሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።" ድምፄ ቤተልሔሙ ድረስ ተሰማ አሉ።

ፍርዱ ብዙ አልቆየም። "በእጅሽ የተበቀልሽውን በሽማግሌ አትጠይቂም። ነቀለሽ፣ ነቀልሽው፤ ተካክላችኋል" ተባልኩ። የአንድ ክረምት ዳጉሳ ከሦስት ቃዳና ከባሌ ጋር ተካከለ በለኛ! መሬቱ ለላቀው ጸና። እሱም "የለም፣ ልስጣት" አላለም። ይህን ደግሞ ይዤበታለሁ።

ከዚያ "በይ ድንጋዩን አስወርጂው፣ ይቅር በይ" አሉኝ። ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ወጣች፤ ሰው ደክሞት ተቀመጠ፤ ላቀው ብቻ ቆሟል። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየሁ፤ ደስም አለኝ። ቄሱ መስቀል ይዘው ለመኑኝ፣ አያ ክንዱ ለመኑኝ፣ ሸጋዬ እግሬ ላይ ወደቀች። በመጨረሻ "አውርደው" አልኩት። ይቅር ብያለሁ አላልኩም፤ አውርደው ነው ያልኩት። ሽማግሌዎቹ ያው አንድ ነው ብለው መርቀው በተኑን።

የይርሳው ስም በሕዝብ ፊት ጠራ፤ ላቀውም ያረሰውን አጣ። ብያለሁ ያልኩት ደረሰና ከሌን አወለቅኩ። ነጭ ሻሽ ካገኘህ ላክልኝ።

መሬቱን በማጣቴ እጅግም አላዘንኩ፤ ከአሁን በፊትም አልነበረኝም። የክሌርን ጽሑፍ ግን ምነው ባልተረጎምክልኝ። "ጠቃሚ ነገር የሠራሁ መሰለኝ" ያለችው፣ ሥራ ይዤ ሳጎነብስ ይመጣብኛል። "የቱን?" ስትለኝ ዝም ያልኩት እውነት ነው። እዚያ ላይ መመለስ እችል ነበር። ያቺ ልጅ ላቀውን አታውቀው፣ ሰማንያ ዘጠኝን አታውቀው፤ እኔን ምን አደረገችኝ?

አክስትህ አልጣሽ


ሳስካቱን
ኅዳር 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ አልጣሽ፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። ነጩን ሻሽ አልላክሁም። ገበያ ሄጄ በእጄ ይዤው መልሼ አስቀመጥኩት።

ክሌር ጥር ላይ በኮሌጁ አዳራሽ ስለ እንዶዴ ሜዳ ለሕዝብ ልትናገር ነው። የምታሳየውን ፎቶግራፍ አሳይታኛለች። የላቀውን ዳጉሳ በሁለት እጇ ታቅፋ ትስቃለች፤ እርስዎ ከኋላዋ ቆመዋል። አይስቁም። ልጅቷ የምትማረው ግብርና ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ራሷ ትደርስበታለች። አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው አዳራሽ ውስጥ ተነሥቶ "የያዝሽው እኮ ሰብሉ ነው" ቢላትስ?

ልንገራት ወይስ ልተዋት? ያደረጉት እርስዎ ነዎትና ውሳኔውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ከጥር 20 በፊት ይጻፉልኝ።

ዘሚካኤል


እንዶዴ ሜዳ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዘሚካኤል፤

እግዚአብሔር በምትሄድበት ሁሉ ይቅደምልህ። ስለ ሻሹ አልተቀየምኩም። ቂም የሚያውቅ ልጅ ማሳደጌን አሁን ገና አወቅኩ፤ ከማን ተማረው አልልም።

ላቀው ዘንድሮ እህል እየሸመተ ነው። ከሸጋዬ ጋር ልጆቹ ያጠሩት ምንጭ ላይ ስንገናኝ "እንዴት አደርሽ" እንባባላለን። ከዚያ በላይ ማንም አይጠብቅብኝ። ምንጩ ክረምቱን ችሎ ቆሟል፤ ለረጅሙ ልጅ ንገረው።

ክሌርን ንገራት። እማማ አልጣሽ አውቃ ነው፣ በአንቺ እጅ ሰው በድላለች በላት። ላቀው ምን እንዳደረገኝም ንገራት፤ ግን እሱን መጨረሻ ላይ አድርገው፣ ሰበብ እንዳይመስል። ፎቶውን ማሳየት አለማሳየት የእሷ ነው። ካሳየችው ከኋላዋ የቆመችው ማን እንደሆነች ትናገር።

በዚህ ፖስታ ውስጥ አንዲት ጠጠር አለች። ከታች ማሳ ድንበር ያነሣኋት ናት። የቡሬ ፖስታ ቤቱ ሰውዬ ፖስታውን ዳብሶ "ምንድን ናት?" አለኝ። "ድንጋይ ናት" አልኩት፤ ሥቆ ማኅተሙን መታልኝ። ለክሌር ስጣት። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በበደለው ሰው ፊት እንደሚቆም አስረዳት። እኔ ባሕር መሻገር ስለማልችል ትከሻዬ ላይ ይዤ እዚሁ ቆሜያለሁ በላት። ፀሐይ እስኪወጣ ብታቆመኝ መብቷ ነው፤ እኔም ሰው አቁሜያለሁ።

ይቅር ብያለሁ እንድትል አልጠይቃትም። "አውርጂው" ካለች ይበቃኛል።

አክስትህ አልጣሽ